ዋኔና የሩቅ ማያው መነጽር

ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሮ አውሱኝ።

እመት ዋኔ የነገሯትን ሁሉ የምታምን ወፍ ነበረች። አንድ ቀን የብሳና ዛፍ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ እንቁላሎቿን ታቅፋ ሳለች፣ ልጆች ወፍ ማየት ሊማሩ የሩቅ ማያ መነጽር ይዘው በአቅራቢያው ወዳለው አጥር መጡ። ልትበር ክንፏን ዘረጋች።

«ኧረ ተቀመጪ፣ እመት ዋኔ!» አላት ጉረኛው መነጽር። «የእኔ ሥራ ሩቁን ማቅረብ ነው። ከአጥሩ ሳያልፉ ያዩሻል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለችና አርፋ ተቀመጠች።

መነጽሩን የያዘችው ልጅ ግን ጀማሪ ናትና ገልብጣ ያዘችው። ዋኔዋ ዝንብ አክላ ታየቻት። ስለዚህ ልጅቱ አጥሩን አልፋ ቀረብ አለች፤ ዋኔዋ አሁንም ሩቅ ናት። ደግሞ ቀረበች። ዋኔዋም «ቃል ገብቶልኛል» እያለች ቆየች። በመጨረሻ የልጅቱ ራስ ቅርንጫፉን ሲገጨው ነፍሴ አውጪኝ ብላ በረረች። ከጭራሮ የተሠራችው ጎጆም ተናጋች፤ እንቁላሎቹ መሬት ወርደው ፈረጡ።

ይሄኔ የልጅቱ ጓደኛ መነጽሩን አዙራ አስያዘቻት። ልጅቱ ቀና ብላ አጥሩ ላይ ያረፈችውን ዋኔ አየች።

«ውይ፣ ስታምር! ዓይኗ እንኳ ይታየኛል! ግን ምነው ወደ እግሬ ሥር አፈጠጠች?»



ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦው ይቅርብኝ።