ያልተቀመሰው ማሻሻያ

ተረት ላወጋችሁ ነው፤ ጆሯችሁን ወዲህ በሉ!

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ ሲናገር፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ ሰርቨር የሚባል የማይተኛ ኮምፒውተር ነበራቸው። በሆዱ ኮንቴይነር የሚባሉ ሦስት ሳጥኖች ይኖራሉ፤ አንዱ ዘፈን ይጠብቃል፣ አንዱ በር ይጠብቃል፣ አንዱ ፎቶ ይጠብቃል። የሟች ባላቸው የአቶ ይመኑ ፎቶ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ሳጥኖቹ ማሻሻያ የሚባል መጠጥ በየጊዜው ካልጠጡ ያረጃሉ። በር ጠባቂው ካረጀ ደግሞ አይጥ ሾልካ ገብታ ያለውን ሁሉ ትበላለች። መጠጡን በቅል የሚያመጣው ቁራ ነው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ማጠጣቱን እየረሱ ስለተቸገሩ ጦጣን አሳላፊ አድርገው ቀጠሯት።

«እኔን ሳትጠይቂ አጠጫቸው» አሏት። ጦጣ ደግሞ መቼ ጠይቃ ታውቃለች!

ቁራ መጣ። «ጦጢት፣ አዲስ!» ጦጣ ቀዳች፤ ሦስቱም ጠጡ፤ ሦስቱም በረቱ።

ቁራ ሁለተኛ መጣ። «ጦጢት፣ አዲስ!» ጦጣ ከባለፈው የተረፈውን ልትደፋ ስትል እዚያው ግቢ የሚኖረው ኤሊ ቅሉን ወሰደባት።

«ተይ እንጂ፣ ቀምሰሽ ቅጂ!» አላት።

«ቁራ ያመጣው መቼ ከፍቶ ያውቃል!» አለችና ቀዳች። ዘፈን ጠባቂው ዘፈነ። በር ጠባቂው በረታ። ፎቶ ጠባቂው ግን ዓይኑን አፍጦ «ፎቶ? የምን ፎቶ?» አለ።

ዕለቱ የአቶ ይመኑ ሙት ዓመት ነበር። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ መልሱ ያው «የምን ፎቶ?» ሆነ። መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

«ሁለተኛ ሞተብኝ! ከእንግዲህ አዲስ የሚባል ነገር ቤቴ አይግባ!»

«እሜቴ፣ እኔ ሳልጠጣ ካረጀሁ የተረፈውንም አይጥ ትበላዋለች» አለ በር ጠባቂው።

ያን ጊዜ ኤሊ የባለፈውን ቅል እየጎተተ ደረሰ። ስንት ሰዓት እንደፈጀበት አትጠይቁኝ! ፎቶ ጠባቂው የድሮውን ሲጠጣ ነቃ፤ አቶ ይመኑም ባርኔጣቸውን እንደደፉ ብቅ አሉ።

«እሜቴ» አለ ኤሊ፣ «ጦጣን አያባርሯት፤ ወግ ያስተምሯት። ጠጅ አሳላፊ እንኳ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል።»

ሥርዓት ወጣ። ከማጠጣት በፊት የፎቶዎቹ ቅጂ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ለየሳጥኑ መንታ ይሠራለትና አዲሱን መጀመሪያ መንታው ይቅመስ፤ ውሎ ይደር። ካመመው አዲሱ ይመለስ። አሮጌው ቅል ደግሞ የአዲሱ ደህንነት ሳይታወቅ እንዳይደፋ።

ቁራ ሦስተኛ መጣ። «ጦጢት፣ አዲስ!» ጦጣ እጇን እየበላትም ቢሆን ቅጂውን አስቀመጠች፤ ከዚያ ለመንታዎቹ አቀመሰች። የፎቶ ጠባቂው መንታ የሚጠብቀው አንድ የድመት ፎቶ ብቻ ነበር። በማግስቱ «ድመት? የምን ድመት?» አለ።

«ውሰድልኝ፣ ይኼ ገና አልበሰለም!» ብላ ጦጣ ቅሉን ለቁራ መለሰችለት። በሳምንቱ ቁራ የተስተካከለውን አመጣ። መንታው ድመቱን አወቀ፤ ሁሉም ጠጡ፤ አይጥም ደጅ ቀረች።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በዚህ በሦስተኛው ጊዜ ከሆነው አንዱንም አልሰሙም። በየማለዳው ፎቶውን ከፍተው «እንዴት አደርክ?» ይላሉ፤ አቶ ይመኑም እዚያው አሉ።

ጎበዝ አሳላፊ ሳይጠሩት ይሠራል፤ ሳይቀምስ ግን አይቀዳም።

ተረቴን መልሱ፤ ከመዋጣችሁ በፊት ቅመሱ!