እጅ የማስታጠብ ዋጋ

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ይርዳው፣ ደህና አድርገህ ስማኝ፤ «ደግ አደረግሁ ወይ?» ብለህ የጠየቅኸኝ ነገር አናዶኛል። ይህ ሰው እንዳንተው፣ ልጄ የገንዘብን ነገር በጊዜ ትማር ብሎ ስልኳ ላይ አፕ ጫነላት። አልጋ ስታነጥፍ ይህን ያህል፣ ዕቃ ስታጥብ ይህን ያህል፣ እንግዳ እጅ ስታስታጥብ ደግሞ ይህን ያህል። እጅ ለማስታጠብ! ኧረ በስመ አብ! ልጅቱ ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ነካ ታደርጋለች፣ እሱ በስልኩ ያጸድቃል፣ ብሩ ይገባላታል። ሰውዬው ደስ ብሎት፣ «በነጻ የሚሠራ ሞኝ ነው፤ የእኔ ልጅ ሞኝ አትሆንም» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር።

ጎረቤታቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። እናቷ ሥራ ስትውል ልጅቱን አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን አስማቸው ተነሣባቸውና በአጥሩ በኩል ተጣሩ።

«የኔ ልጅ፣ ነይ ልላክሽ። መድኃኒቴ አልቆብኛል፣ ሮጠሽ አምጪልኝ።»

ልጅቱ ስልኳን አየች። «እማማ፣ መላላክ እዚህ ውስጥ የለም እኮ። አባዬ ይምጣና ዋጋ ያውጣለት፣ ከዚያ እሄዳለሁ» አለቻቸው።

አየህልኝ? ክፋት የለባትም። የተማረችውን ነው የተናገረችው። ባልቴቷ ትንፋሽ እያጠራቸው ራሳቸው ወጡ፤ ከበራቸው ሳይርቁ ወደቁ። መንገደኛ ደግፎ ቤታቸው አስገባቸው።

አባትዬው ይህን እንደሰማ ልጁን እየጎተተ መጣ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከኪሱ ብር መዘዘና ዘረጋላቸው! ካሳ መሆኑ ነው። ባልቴቷ እያቃሰቱ፣ «ብርህን ወዲያ በልልኝ። ልላክህ፣ ሩጥ!» አሉት።

ያ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ሮጠ። መድኃኒቱን ይዞ ሲመለስ ላቡ ይንጠፈጠፋል። እሳቸውም ትንፋሻቸው ሲመለስላቸው፣ «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው መረቁት። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ።

ከቤት ሲወጡ ልጅቱ እጁን ይዛ፣ «አባዬ፣ ስንት ከፈሉህ?» አለችው። ከዚያች ቀን ወዲህ እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳት ጨንቆት ይኖራል።

ይርዳው፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ልጅህ ብር ትያዝ፣ ታጠራቅም፣ ሱቅ ገብታ መልሷን ትቁጠር፤ ማን ከለከለህ? ለሰው መታዘዝን ግን ምን ቆርጦህ ነው ዋጋ የምታወጣለት? ደግሞ ደግ አደረግሁ ወይ ትለኛለህ! ቅድም ለምሳ ስንቀመጥ ልጅህ እጄን አስታጠበችኝ። «እደጊልኝ» ስላት አሜን አላለችም። ቀና ብላ አንተን አየችህ፤ አንተም ስልክህን ከኪስህ አወጣህ።