ፊቷን የማታየው የሒሳብ መኪና

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይጠጋ። ተረቴ ዕቃ ሁሉ አፍ ከነበረው ዘመን ነው።

በአንድ ከተማ የመሬት ቅየሳ ቢሮ ነበር። ቢሮው አንድ ሕግ ነበረው፤ መሬት ሁለት ጊዜ ሳይሰላ ችካል አይተከልም። አንዱ ያሰላል። ሌላው ይደግማል። «ተስማማን?» «ተስማማን።» ችካሉ ያኔ ይሄዳል።

አባ ቂርቂር እዚያ ያረጀ የሒሳብ መኪና ነው። ሰውነቱ ብረት ነው፤ በእጅ ይዘወራል። ቂርር፣ ቂርር ይልና ስሌቱ ሲያልቅ ደወሉን ጭል ያደርጋል። የምትዘውረው ወይዘሪት አጸደ ናት።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች አዲስ መኪና ተሸክመው ገቡ። ይህችኛዋ የምትበላው ኤሌክትሪክ ነው። ስትሠራ ድምፅ አታሰማም። ፊቷ ላይ በተደረደሩት የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ ቁጥሮች ይቀላሉ። ስሟን እሜቴ ፍም አሏት። ከቂርቂር ፊት ለፊት አስቀመጧት። አጸደ በፍም ታሰላለች፤ በቂርቂር ትደግማለች። ተስማምተው ኖሩ።

የፍም ሆድ ግን ሞቃት ነበር። አንዲት አይጥ በጀርባዋ ቀዳዳ ገብታ ወለደች። ሙቀቱን ወደደችው። የቂርቂር ደወል ግን ልጆቿን ያባንንባት ነበር።

«እሜቴ፣» አለች አይጥ፣ «እርስዎ ዓይን ሳይርገበገብ ይጨርሳሉ። ይህ ሽማግሌ አቃስቶ እስኪጨርስ መጠበቅ ምን የሚሉት ውርደት ነው?»

ፍም ለአለቃው ለአቶ ደመላሽ ነገረች። «ይህ ሽማግሌ አደነቆረኝ፤ ጥግ ይያዝልኝ።» ቂርቂር ጥግ ያዘ። ደወሉ ከጥግም ተሰማ።

«እሜቴ፣» አለች አይጥ፣ «ጥግ ሆኖም ይጮኻል!» ፍም ለአለቃው ነገረች። ቂርቂር መጋዘን ገባ። አጸደ ወረቀቷን ይዛ መመላለስ ጀመረች። ደወሉ ግድግዳ አልፎ ተሰማ።

«እሜቴ፣» አለች አይጥ፣ «ለመሆኑ ተሳስተው ያውቃሉ?»

«እኔ? በጭራሽ!»

«ታዲያ እሱ ምን ይሠራል?»

ፍም ለአለቃው ነገረች። አቶ ደመላሽ ራሱን ነቀነቀ። «እውነትሽን ነው። ሕጉ ለእጅ መኪና የወጣ ነው። ቆራሌው ይጠራ!»

«ጋሼ፣ ማን ይደግመዋል ታዲያ?» አለች አጸደ።

«ሥራ ቢቀንስልሽ ታለቅሻለሽ እንዴ?»

ቆራሌው መጣ። ቂርቂርን ወደ ማዳበሪያው ሲከት ወገቡን ያዘ። «ይሄ ሽማግሌ ምን በልቶ ነው እንዲህ የከበደው?»

«የሰው መሬት አልበላሁም፤ ብረት ነኝ፤» አለ ቂርቂር።

በቢሮው በር ሲያልፉ አጸደ የአንድ ትምህርት ቤት ቦታ እያሰላች ነበር። ብዙ ማዕዘን ያለው፣ ዓይን የማይገምተው ቦታ። ከፍም ፊት ላይ አነበበች፦ «ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ስምንት ካሬ ሜትር።» ችካል የጫነው ላንድሮቨር ውጭ ሞተሩን አስነስቷል።

ቂርቂር ከማዳበሪያው አፍ አሻግሮ አየ። ከሦስት ቁጥሯ በስተግራ ያለችው ቱቦ እንደ ከሰል ጠቁራለች። ባዶም ብትሆን ዜሮ ታበራ ነበር እኮ። አሁን ግን ጨለማ።

ዝም ልበል? አለ በሆዱ። እሷ ናት ያስጣለችኝ። ትዋረድ። እኔ እንደሆን ዛሬ ማታ እቀልጣለሁ። ደግሞ አሰበ። ችካሉ በጎደለው ልክ ይተከላል። ልጆቹ የት ይማራሉ?

«አጸደ! አንዴ ዘውሪኝ!»

«ኧረ ወግ ነው!» አለ ቆራሌው። «ከማዳበሪያ ውስጥ ሆኖ ሥራ የሚጠይቅ ዕቃ ገና ዛሬ አየሁ።»

አጸደ ከማዳበሪያው አውጥታ ዘወረችው። ቂርር፣ ቂርር፣ ጭል። አሥራ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ስምንት።

«ጋሼ፣ አልተስማማንም!»

«ምን አልተስማማንም?» አለች ፍም። «እኔስ አሥራ ሦስት ሺህ አይደል ያልኩት?»

«በልብሽ ብለሻል፤» አለ ቂርቂር። «ፊትሽ ግን አላለም።»

«ፊቴ ምን ሆነ?»

ፍም ፊቷን አይታው አታውቅም።

አቶ ደመላሽ ወጥቶ ላንድሮቨሩን አስቆመ። ተመልሶ የፍምን ጀርባ ፈታ። አይጥ፣ ልጆቿ፣ ጭድ፣ የተቆረጠመ ሽቦ።

«ልጆቼ እንዲተኙ ብዬ ነው፤» አለች አይጥ። «ከሒሳብ ጋር ጠብ የለኝም።» ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ወጣች።

አጸደ ሽቦውን አሰረች። ቆራሌው ባዶ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጣለ። «ሌላ ጊዜ እርስ በርስ ሳትጨርሱ አትጥሩኝ!» ብሎ ሄደ። ቂርቂር ከፍም ፊት ለፊት ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ ፍም በቀስታ ጠየቀች።

«አባ፣ አሁንስ ፊቴ ምን ይላል?»

«ልብሽ ያለውን ይላል፤» አለ ቂርቂር።

ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ያባረረ፣ የገዛ ፊቱን ይሰናበት።