ሳይከፈት የተከበረው ደብዳቤ

ጠባብ መንገዶቿ ሁሉ ወደ ትልቁ መስጂድ በሚወርዱባት አንዲት የድሮ ከተማ ሸይኽ አብዱረዛቅ የሚባሉ አዛውንት ነጋዴ ነበሩ። የሚሸጡት እርድ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ነበር። ሱቃቸው ትንሽ ነው፤ ከኋላው ግን ከአባታቸው የወረሱት ሰፊ መጋዘን አለ። የዐረብኛ ኪታብ አቀላጥፈው ያነባሉ፤ አማርኛ ግን በዝግታ ነበር የሚያነቡት።

በጁምዓ ቀን ከገጠር የሚመጡ ገበያተኞች ወደ ሰላት ከመግባታቸው በፊት ጭነታቸውን እሳቸው ዘንድ በአማና፣ ማለትም በአደራ፣ ያስቀምጣሉ። ሸይኹ ኪራይ አይጠይቁም። በዚያ ሰዓት መጋዘኑ ሞልቶ ጆንያው እስከ ሱቁ ደጃፍ ይደረደራል። ከዚያ ሸይኹ በሩ ላይ ገመድ ያስሩና እሳቸውም ወደ መስጂድ ይሄዳሉ። ሰላቱ አልቆ ሁሉም የየራሱን ሲወስድ የሚቀረው የእሳቸው አምስት ወይም ስድስት ጆንያ ብቻ ነው።

አንድ ጁምዓ የግብር ገማቾች መጡ። ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። ከገመዱ ወዲህ ቆመው ጆንያውን ቆጠሩ፤ ሁሉንም የሸይኹ አድርገው ጻፉና ሄዱ።

በረጀብ ወር ደብዳቤ ተላከ። መልእክተኛው ሸይኹን ስላላገኛቸው በበሩ ሥር አሾልኮት ሄደ። ሸይኹ ከዙህር ሰላት ሲመለሱ ፖስታውን መሬት ላይ ወድቆ አገኙት። ላዩ ላይ ስማቸው ተጽፏል። አብዱረዛቅ ማለት የሲሳይ ሰጪው ባሪያ ማለት ነው፤ አር-ረዛቅ ደግሞ ከአላህ ስሞች አንዱ ነው። በዚያች ከተማ የአላህ ስም ያለበት ወረቀት የትም አይጣልም። ካረጁ የቁርኣን ገጾች ጋር በመስጂዱ ከረጢት ይቀመጥና ረመዷን ሊገባ ሲል በክብር ይቀበራል።

ሸይኹ "አስተግፊሩላህ" ብለው ፖስታውን አነሱ፤ አቧራውንም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ዓይናቸው ማኅተሙን አልለየውም። የሩቅ አገር ነጋዴዎች ዘወትር የሚልኩት የዋጋ ዝርዝር መሰላቸው። ለከሰዓቱ የአስር ሰላት ሲሄዱ ሳይከፍቱት ከረጢቱ ውስጥ ጨመሩት።

ከረመዷን በፊት ባለው በሻዕባን ወር መጨረሻ ሙአዚኑ ኑረዲስ ከረጢቱን ለቀብር ሲያራግፍ ፖስታውን አየና ለሸይኹ ይዞላቸው ሄደ።

"ሸይኽ፣ ይሄ እኮ ማኅተም አለው" አለ። "መንግሥትን ልንቀብረው ነበር!"

ደብዳቤው ተከፍቶ ሲነበብ የተጠየቀው ግብር ሸይኹ በሦስት ዓመት የማያተርፉት ሆነ። ቅሬታ ያለው ሰው ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዲያመለክት ይላል። ሸይኹ ፖስታውን ካነሱት ሃምሳ ቀን አልፏል። ግምቱ ካልተስተካከለ መጋዘኑን ከመሸጥ በቀር ሌላ መክፈያ አልነበራቸውም።

ጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሙዘይን ወሬውን ሰምተው መጡ።

"እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሸይኽ! ይህን ያህል ሀብታም መሆንዎን እኛ ጎረቤቶችዎ እንኳ አልሰማንም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አሁን ይስሙኝ። የፈረሙበት ነገር የለም። አልደረሰኝም ይበሉ፣ አለቀ።"

"ደርሶኛል እኮ።"

"አልከፈቱትማ!"

ሸይኹ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በማግስቱ ደብዳቤውን ይዘው ወደ ግብር ቢሮ ሄዱ። ሐጂ ሙዘይንም ሸይኹ ምክራቸውን እንደሚሰሙ ስላላመኑ አብረው ሄዱ።

የተቀበላቸው ይርዳው የሚባል ጎልማሳ ሠራተኛ ነበር። የጆንያውን ነገር እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"በጁምዓ እዚያ የሚቀመጠው የሰው ጆንያ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል" አለ። "ገማቾቹ ተሳስተዋል። ግን እንዲታረም ማመልከቻው በጊዜው መቅረብ አለበት።" መዝገቡን ገለጠ። "የተቀበሉበት ቀን አልተሞላም። ደብዳቤው መቼ ደረሰዎት?"

ሸይኹ መልስ ከመስጠታቸው በፊት፣ ይርዳው ቀና ሳይል "ዛሬ ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው ሞልቷል" ሲል ጨመረ።

ሐጂ ሙዘይን የሸይኹን እግር ረገጡ።

"በረጀብ ስምንተኛው ቀን እጄ ገብቷል፣ ልጄ" አሉ ሸይኹ።

"ሳይከፍቱት ነዋ፣ አባባ።"

"አትክፈት ያለኝ የለም።"

ይርዳው ብዕሩን አስቀመጠ። "እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ማመልከቻዎ ይወድቃል።"

"ጻፈው። ጆንያው የሰው መሆኑንም ጻፍልኝ። እሱም እውነት ነው።"

ይርዳው ሁለቱንም ጻፈ። ማመልከቻው ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ተመለሰ። ሸይኹ መጋዘኑን ሸጠው ግብሩን ከፈሉ። በሚቀጥለው ዓመት ገማቾቹ በማክሰኞ ቀን መጡ፤ ግምቱም ልኩን ያዘ። ያለፈው ግን አልተመለሰም። ገበያተኞቹም መጋዘኑ ቢሸጥም አልቀሩም፤ ጆንያቸውን በሱቁ ደጅ ላይ ይደረድሩ ጀመር።

ለሐጂ ሙዘይን ይህ ሁሉ አልዋጥላቸው አለ። ከኢሻ ሰላት ሲወጡ ሸይኹን ይዘው፦

"አንዲት ቃል ነበረች እኮ! አንዲት ቃል!" አሉ።

"መጋዘን አላህ ካለ መልሼ እገዛለሁ" አሉ ሸይኹ። "ቃሌን ሸጬ ቢሆን ግን ከማን እገዛው ነበር?"

እዚህ ላይ ማስተዋል ያለብን ሸይኹ የተበደሉ ሰው መሆናቸውን ነው። ያለ ሐቃቸው ብዙ ተጠይቀዋል። የተበደለ ሰው ደግሞ ትንሽ ውሸት የተፈቀደለት ይመስለዋል፤ ሌላው ስለተሳሳተ የራሱ ስህተት የሚሰረዝለት ይመስለዋል። ሸይኹ ሁለቱን አላቀላቀሉም። ገማቾቹ ሳይጠይቁ ጻፉ፤ እሳቸው ደግሞ ሳይከፍቱ አስቀመጡ። የገማቾቹን ስህተት ሳይፈሩ ተናገሩ፤ የራሳቸውንም አልሸሸጉም። እኛም ከመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣልን ቶሎ ከፍተን እናንብብ፤ የተጋነነ ነገር ካለበት በጊዜው እንናገር። ከዘገየን ግን ዘግይተናል እንበል። አላህ በቂያማ፣ በፍርድ ቀን፣ ገማቾቹን ለምን እንደተሳሳቱ እነሱኑ ይጠይቃቸዋል። እኛ የምንጠየቀው መቼ እንደደረሰን ስንጠየቅ በመለስነው መልስ ነው። አላሁ አዕለም፤ አላህ ያውቃል።