የዘርትሁን አህዮች

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሐይቅ መካከል፣ በጀልባ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ደሴት ላይ አራት አህዮች ይዛ የምትኖር። የደሴቲቱ ከተማ አንድ ገበያና አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናት። ነገር ግን መስከረም ሲጠባ ከበላይዋ ያለው ኮረብታ አደይ ይለብሳል፤ ሰውም ይህን ለማየት ከሩቅ ይመጣል። ሴትዮዋ ታዲያ ከጀልባ የሚወርደውን ጭነት በአህዮቿ ታመላልሳለች፤ እንጀራዋ በነሱ ነው።

አህያ ግን አህያ ነው! ጭነቱ ሲወርድለት ኮረብታው ላይ ይወጣል፣ ይግጣል፣ ይንከባለላል፤ እንግዳ ፎቶ ልነሳ ሲል ያናፋል። የከተማው ሰው ተቃጠለ። የአበባ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ መቼም እኛ ኮሚቴ ስንወድ! ሊቀመንበሩ አቶ አንለይ ቤቷ ድረስ መጡ።

«ዘርትሁን፣ እነዚህ አህዮችሽ አሰደቡን። ከደሴቲቱ ይውጡ።»

«ኧረ ጋሼ አንለይ፣ በፈጠረዎት! እነሱ ሣሩን ባይግጡት አደዩ በየት በኩል ይበቅላል? በአባቴም በአያቴም ዘመን አህያ ነበረ፤ አበባው ጠፍቶ ያውቃል?»

«አህያ አበባ ያበቅላል ልትይን ነው?» ተሳቀባት።

ስንት ጊዜ ትናገር? ለካህኑ ነገረች፣ ለጎረቤት ነገረች፣ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ነገረች። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባትና አራቱንም እየገፋች ወደ ጀልባ ወሰደቻቸው። አህያ ጀልባ ላይ ሲሳፈር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ሲገባ ሌላው ይወርዳል። ሰዉ ዳር ቆሞ ይስቃል፤ አንድም ሰው አላገዛትም። እያለቀሰች፣ እየተሳደበችም፣ ተሻግራ ወንድሟ ዘንድ ገባች።

በመጀመሪያው ዓመት ኮረብታው ጸጥ አለ፤ ሰው ደስ አለው። በሁለተኛው ሣሩ ጉልበት ደረሰ። በሦስተኛው መስከረም ጠባ፤ እንግዳው ጀልባ ሞልቶ መጣ፣ ሽቅብ አየ። ሣር። ሣር ብቻ!

ያን ጊዜ አቶ አንለይ ሐይቁን ተሻገሩ። ምን ይዘው? አራት ገመድ ይዘው!

«ዘርትሁን፣ እንደምን ከረምሽ? አህዮቹን ልንወስድ ነው የመጣነው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ «አጥፍተናል» የሚላት ሰው ስትጠብቅ ነበር። ገመዱን አየች።

«አሁንስ አበዛችሁት!» አለች። «እኔስ ጋሼ? እኔን የሚፈልገኝ የለም?»

አቶ አንለይ ገመዳቸውን ጠቅልለው ወጡ። ጀልባዋም ባዶዋን ተመለሰች።

ትስቃላችሁ። ሳቁ! ግን ልጠይቃችሁ፤ በየስብሰባችን «ይኼ ነገር ለምን ሆነ?» እያሉ የሚያደክሙን እኚያ አዛውንት የት አሉ? ገላመጥናቸው፣ አንሾካሾክንባቸው፣ ቀሩ። አሁን ስብሰባችን በሩብ ሰዓት ያልቃል። «ተመስገን፣ ሰላም ወረደ» አላችሁ። የምን ሰላም! ሣር ነው እንጂ! እስቲ ከዚያ ወዲህ ከመካከላችን እውነቱን ደፍሮ የተናገረ ማን ነው? በየቤታችሁስ፣ «ነገር ታበዛለች» ብላችሁ ያባረራችኋት እኅት የለችም?

ይህንኑ ስነግራችሁ ደከመኝ፣ ወገኖቼ። የአዛውንቱን ቤት ታውቁታላችሁ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ዛሬውኑ ሂዱ። ደግሞ «ሥራ ተበላሽቶብናል፣ ይምጡልን» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። መጀመሪያ «በድለንዎታል» በሉ። ገመዱን እቤት ተዉት።