ከበሩ የምትታይ ልጅ

አንዲት የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ የምትነድፍ ወጣት አረጋዊ መምህሯን ጠየቀቻቸው። «መምህር፣ የካርዴ ሜሞሪ ትንሽ ነው። ለእያንዳንዷ የምስል ነጥብ ብዙ ቀለም ከሰጠሁ ምስሉ ያንሳል፤ ምስሉን ካሰፋሁ ቀለሙ ይጎድላል። የቱን ልተው?»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ ብለው ነገሯት።

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ልጁ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷንም ፈንጣጣ ወሰደበት። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አገሩ አልገባም። ከሐዘኑ ሁሉ የከፋው መልኳን እረሳለሁ ብሎ መፍራቱ ነበር። ስለዚህ በደብሩ ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር፣ ሥዕሉን ያሠራው ሰው በሚሣልበት ቦታ እሷን ሊያሥላት ፈለገ። ልጅቱን በሕይወት ሳለች የሚያውቃት ሰዓሊ ተጠራ።

ሰዓሊው ቀለሙን አየ። ክረምት ነው፤ ወንዙ ስለ ሞላ ነጋዴ አይሻገርም። ያለው አንድ ዋንጫ ብቻ ነበር።

«ጌታዬ፣» አለ፣ «ከክንድ ባነሰ ቦታ ከሣልኳት ቀለሙን እየደራረብኩ ከጉንጯ እስከ አገጯ ያለውን ጥላ ሁሉ አወጣዋለሁ። ይለዩዋታል። ግን ቀርበው ነው የሚያዩዋት።»

«የኔ ልጅ ከበሩ ትታይ እንጂ! ቁመቷን ሙሉ ሣላት» አለ ባለጠጋው።

«ያን ያህል ከሰፋች ቀለሙ አንዴ ለመቀባት ብቻ ነው የሚበቃው። ብጫና ቡናማ፣ በመካከሉ ምንም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ ጌታዬ።»

ሐዘንተኛ ምክር አይሰማም፤ ያውም ባለጠጋ ሐዘንተኛ። ሰዓሊው እንደ ታዘዘው ሣለ።

በንግሡ ዕለት ሕዝቡ በሩ ላይ ቆሞ አደነቀ። እናቲቱ ግን ቀርባ ብዙ ቆየች። ጉንጩን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞር ብላ «ይህች የማን ልጅ ናት?» አለችው።

ሰውየው ወንዙ ጎድሎ ቀለም በገባ ጊዜ፣ አሳንሶ እንደገና እንዲሥላት ሰዓሊውን አስጠራው። ሰዓሊው ብሩሹን ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ፤ ቆመና አስቀመጠው።

«ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ይህችን ሳይ ከርሜ፣ አሁን የማስታውሰው ይህችኑ ነው።»

ባለጠጋው ዓይኑን ጨፍኖ ልጁን ፈለጋት። የመጣችለት የግድግዳዋ ናት። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሁለተኛ ሞተችበት።

መምህሩ ወደ ወጣቷ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ ያ ዋንጫ ያንቺ ሜሞሪ ነው። ካርድሽ ከሩቅ ለሚታይ ማስታወቂያ፣ ለሚሮጥ ጨዋታ ከሆነ ምስሉን አስፊው፣ ቀለሙን ቀንሺ፤ ማንም አይወቅስሽም። ሰው ቀርቦ የሚፈልገው ነገር ካለበት ግን ስፋቱን ተዪው። ቀለም ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጠፋው በብርሃንና በጥላ መካከል ያለው ነው፤ የሰው መልክም ያለው እዚያ ነው። ያን አንዴ ከጣልሽው፣ ኋላ ሜሞሪ ቢተርፍሽስ ከየት ታመጪዋለሽ?»