ተጠግተው የዋሉት ሁለት አይጦች

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ አይጥ መመልከት። አትሳቁ፤ እሱም ሥራ ነው። ለብቻው ያደገ አይጥ ከሌላ አይጥ ጋር መኖር ይችል እንደሆነ ታጠና ነበር።

ሁለት ነጫጭ አይጦች በአንድ ሣጥን አስገባች። ከላይ ካሜራ ሰቀለች። የሰው ሽታ ስለሚያስደነግጣቸው፣ እሷ በሚቀጥለው ክፍል ሆና በኮምፒውተር ትከታተላለች። መሣሪያው ግን እያንዳንዱን አይጥ በነጥብ ስለሚያሳይ በኮምፒውተሩ ላይ አይጥ አይታይም፤ ቀይ ነጥብና ሰማያዊ ነጥብ ብቻ። ነጥቦቹ ሲቀራረቡ መሣሪያው «አብረው ናቸው» ብሎ ይመዘግባል።

ተቀራረቡም። ቀኑን ሙሉ አልተለያዩም።

የሥራ ባልደረባዋ ደርበው ከኋላዋ ቆሞ አየና፣ «ሽማግሌ ሆነሽ አጋባሻቸው በይኛ» አላት።

«ቀልድህን ተው። የመመረቂያ ጥናቴ ነው።»

«ታዲያ ምን ያቅበጠብጥሻል? አማረልሽ እኮ።»

ምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም። ተቀመጠች፤ ተነሣች። ሰማያዊው ነጥብ ከጥግ አይወጣም። ቀዩ ከፊቱ ንቅንቅ አይልም። ወዳጅ እንዲህ ይቆማል?

ገብታ ብትረብሻቸው የስንት ጊዜ ልፋቷ ገደል ይገባል። ባትገባስ? እንደገና ተቀመጠች። እንደገና ተነሣች።

ገባች።

ትልቁ አይጥ ትንሹን ጥግ አስይዞታል። የውኃው ጠርሙስ ከትልቁ ጀርባ ነው። የትንሹ ጆሮ ተነክሷል፤ ጎኑ ሟሽሿል። ብታነሣው ላባ ሆኖ ቀለላት።

ደርበው በሩ ላይ ደረሰ። «አወጣሽው? መመረቂያሽስ?»

«እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ውኃ ይጠጣ።»

ወገኖቼ፣ መሣሪያው ዋሸ? አልዋሸም። በእርግጥ ተጠግተው ነበር። መሣሪያው የለካው ርቀት ነው፤ ፍቅር ብላ ያነበበችው እሷ ናት።

እናንተስ? «በአንድ ጣሪያ ሥር እንኖራለን፤ ከአንድ ትሪ እንበላለን» ትላላችሁ። እዚህም ትከሻ ለትከሻ ተቀምጣችኋል። መጠጋታችሁን አየሁ። በመጠጋታችሁ ማን ሞቀው? በመጠጋታችሁ ማን ታፈነ? ሚስት ናት? ወንድም ነው? ቤታችሁ ያስጠጋችሁት ዘመድ ነው?

ለእኔ አትመልሱልኝ። ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ ቶሎ አትግቡ። ደጅ ቆማችሁ አድምጡ። ከዚያ በሩን ክፈቱ።

ውስጥ የነበረው ሳቅ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል?